ባለ ቀይ ቆዳው አንሶላ

አፈ ማሩ ቅርጫቱን ከደረቱ አርቆ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ከህሙማኑ ክፍል ወደ ማጠቢያው ጓሮ በሩጫ ወጣ። ከበሩ እስከ በርሜሉ ስልሳ ሁለት እርምጃ ነው። ቆጥሮታል። ትንፋሹ የሚበቃው ግን ለአርባው ብቻ ነበር፤ የቀሩትን ሃያ ሁለቱን ሽታውን እየጠጣ ነው የሚጨርሳቸው። ሽታ ከተባለ ነው እንግዲህ። የፈረጠ ፈንጣጣ፣ ላብ፣ ሽንት፣ ያደረ መግልና ኮምጣጤ አንድ ላይ ሲሆኑ ስም አልወጣላቸውም። ቅርጫቱን ከበርሜሉ ሥር ጣለና ግድግዳውን ተደግፎ በባዶ ሆዱ አስታወከ።

«እንደምን አደሩ፣ አባቴ» አለች እትዬ አመዴ ከእንፋሎቱ ውስጥ። ቀና ብላም አላየችው።

እትዬ አመዴ የማጠቢያው አለቃ ናት። ስሟን ያወጣላት ሥራዋ ነው። አመድ አጥልላ የምታወጣው ውሃ እድፍ ብቻ ሳይሆን ኃጢአትም ያስለቅቃል እያሉ ዘበኞቹ ይቀልዱባታል። እሷ ግን አትስቅም። ክንዶቿ እስከ ክርናቸው ቀልተው፣ ተልጠው፣ እንደገና ቆዳ አውጥተው እንደገና ተልጠዋል። አፈ ማሩ እነዚያን ክንዶች ባየ ቁጥር ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል።

ፈንጣጣው ከተማዋን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ገዢው በቀይ ሰም ባተሙት አዋጅ፣ ከበሽታው የዳነ ሰው ዳግመኛ አይያዝምና፣ ጌታ ይሁን ሎሌ፣ ካህን ይሁን ቀማኛ፣ አርባ ቀን የህሙማኑን ግቢ እንዲያገለግል ታዟል። አፈ ማሩም ድኗል። ዳነ ከተባለ። ፊቱ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ ጉሮሮው ውስጥ የወጣው ቁስል ደግሞ ሲሽር ድምፁን ይዞበት ሄዷል። ያንን ድምፅ! በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ ቆሞ ሲሰብክ ነጋዴው ሚዛኑን፣ ወታደሩ ጦሩን ጥሎ ይመጣ ነበር። «አፈ ማር» የሚለውን ቅጽል ያወጡለት እነሱ ናቸው። አሁን አፉን ሲከፍት የሚወጣው የተቀደደ ወናፍ ትንፋሽ ነው። እዚህ ግቢ ከገባ አራተኛ ቀኑ ነው።

በሁለተኛው ቀን ለሊቀ ካህናቱ ጽፎ ነበር። እኔን የመሰለ ሰው ከአጣቢ ጋር ምን ያደርጋል፣ መጻሕፍት ቤት አስገቡኝ፣ ብሎ ለመነ። መልሱ በማግስቱ መጣ። «ውድ ወንድማችን፣ መከራ የእግዚአብሔር ሳሙና ነው፣ የሚወደውን ያጥብበታል ብለህ ያስተማርከን አንተው ነህና፣ በደስታ ታጠብ» ይላል። ወረቀቱ የጽጌረዳ ውሃ ይሸት ነበር። ከመግሉ ሁሉ ይልቅ ያቺ ሽታ አቅለሸለሸችው። ደብዳቤውን እበርሜሉ ሥር ከተተውና እሳቱ ሲበላው ቆሞ አየ። ነገር ግን ቃሉ የራሱ ነበር፤ ማንም አልጨመረበትም። በዚያች የሳሙና ምሳሌ ሦስት ጊዜ ሰብኮባታል፤ አንዱን ጊዜ በቀብር ላይ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«እንጨት መጥቷል» አለች እትዬ አመዴ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «በታችኛው በር ተቀብዬ እመለሳለሁ። እስከዚያ አጥበው ይስቀሉልኝ። ሁሉንም።» ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞር አለች። «ሁሉንም ነው ያልኩት፣ አባቴ።»

አንሶላዎቹ ሠላሳ አንድ ነበሩ። በየማለዳው ከእያንዳንዱ አልጋ አንድ አንድ ይገፈፋል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ በአመድ ውሃ ይቀቀላል፤ ይለቀለቃል፤ ኮምጣጤ ይረጭበታል። ከዚያ በግንቡ አናት ላይ በተወጠረው፣ ከጓሮው ሆኖ በሚሳብ ገመድ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አድርጎ ይሰቀላል። በእያንዳንዱ አንሶላ ማዕዘን ላይ የሆነ ቁራጭ ተሰፍቶበታል፦ በአንዱ የሰማያዊ ነጠላ ጨርቅ፣ በሌላው የአሮጌ ካፖርት እጅጌ፣ በሌላው የሕፃን ኮፍያ። አፈ ማሩ የአጣቢ ምልክት መስሎት ነበር። አልጠየቀም፤ በምንስ አፉ ይጠይቃል።

እሱ የሚያጥበው በዱላ ነው። በዱላ ያነሳል፣ በዱላ ያማስላል፣ በዱላ ያወጣል። ጣቱ እርጥብ የሚሆነው ኮምጣጤ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ሠላሳውን እንደዚያ አድርጎ ሰቀላቸው።

ሠላሳ አንደኛው ከመስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ አንሶላ ነበር። እዚያ አልጋ ላይ የኮርቻ ሰፊው ልጅ ትተኛለች። ለአካለ መጠን የደረሰች፣ ለሠርግ የምትታሰብ ልጅ፤ አሁን ግን ከዓይኗ በቀር ሰው የሚመስል ነገር አልቀራትም። የጀርባዋ ቁስል ሌሊት ፈርጦ፣ አንሶላው ላይ ደርቆ፣ ጠዋት አስታማሚዋ ስትገፍፈው የልጅቷ ጩኸት ግቢውን አናውጦት ነበር። አፈ ማሩ በዱላው ጫፍ ሲያነሳው አልተዘረጋም፤ እንደ ሰሌን ደርቆ ቆመ። ቡናማና ቢጫ ቅርፊት ለብሷል። በማዕዘኑ የተሰፋው ቀይ ቆዳ ላይ ዝንብ ተደርድሯል። ከቅርፊቱ መሐል ደግሞ አንድ ስስ ነገር በነፋሱ ተርገበገበ፤ አተኩሮ ሲያየው የሰው ቆዳ ነው።

የሚወጣ ነገር ስላልነበረ ሐሞቱን ተፋ። ልጅቷን ጠላት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፣ ከልቡ ጠላት። ጠዋት ጠዋት አንሶላ ሊሰበስብ ሲገባ «አባ፣ አባዬ ዛሬም ተቀምጧል?» ትለዋለች፤ በትኩሳት የምትቃዥ መስሎት ፊቱን አዙሮ ያልፋታል። አሁን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ወሰደው። እዚያ ቁስል የታሰረበት ጨርቅ ሁሉ የሚጣልበት ጉድጓድ አለ፤ ቀትር ላይ ይቃጠላል። ወደ ጉድጓዱ ወረወረውና በዱላው ገፍቶ ከሌላው ጨርቅ ሥር አሰጠመው።

«አንድ አንሶላ ቢጎድል ማን ይሞታል» አለ በልቡ።

እትዬ አመዴ የእንጨት ጋሪዋን እየገፋች ተመለሰች። እንደ ልማዷ መጀመሪያ ያየችው ገመዱን ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ቆጠረች። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ። ጋሪውን ለቀቀችው፤ እንጨቱ መሬት ላይ ተበተነ።

«ቀይ ቆዳው የታለ?»

አፈ ማሩ ወደ እንጨት ክምሩ ዞረ።

«ሞታለች? ልጅቷ ሞታለች ወይ?»

ራሱን ነቀነቀ፤ አልሞተችም። ከዚያ በዱላው ወደ ጉድጓዱ አመለከተ፤ አፍንጫውንም በሁለት ጣቱ ያዘ። ትረዳኛለች ብሎ ነበር።

«አንተ ሰው!» አለች። እስከዛሬ «እርስዎ» ነበር የምትለው። ክንዱን ጨምድዳ ያዘችውና ወደ እንጨት ክምሩ ጎትታ አወጣችው። «ና ውጣ! የጣልከውን ነገር ና እይ!»

ከክምሩ አናት ላይ ሆኖ አፈ ማሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግንቡ ባሻገር ያለውን አየ። ከግንቡ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቀው ነጭ ችካሎች ተተክለዋል። ከችካሎቹ ወዲያ ሰው ቆሟል፤ ተቀምጧል፤ ተንበርክኳል፤ መቶ ይሆናል። ሁሉም አንገቱን አቅንቶ የሚያየው አንሶላዎቹን ነው።

«እያንዳንዱ ቤተሰብ ከቤቱ ልብስ ቀዶ አምጥቶ ሰፍቶበታል፣ ከሩቅ እንዲለየው» አለች እትዬ አመዴ። «ከተሰቀለ ሰውየው ተኝቶበት አድሯል፤ አለ ማለት ነው። ካልተሰቀለ ሞቷል። ስለ ህሙማኑ ሌላ ወሬ ከዚህ ግቢ አይወጣም። ከተማው በሙሉ ያውቃል። አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው፣ እዚያ ቆመህ አታውቅማ!»

ኮርቻ ሰፊው ሽማግሌ ከችካሎቹ ፊት ቆመዋል። በእጃቸው የሚታጠፍ ትንሽ በርጩማ ይዘዋል። ልጃቸው ከገባች ጀምሮ በየቀኑ እዚያች ላይ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠው ያቺን ቀይ ቁራጭ ሲያዩ ይውላሉ። አሁን ገመዱን ከዳር እስከ ዳር አዩት። አልጮኹም። በርጩማዋን አጠገባቸው ቆማ ለደከመች ሴት ሰጧትና ሁለቱን እጆቻቸውን ምን እንደሚያደርጓቸው እንዳላወቀ ሰው ቆሙ። ዘበኛው ትከሻቸውን ይዞ ወደ ወንዙ አመለከታቸው። አዋጅ ነው፤ አንሶላው ያልተሰቀለለት ቤተሰብ ሕዝብ እንዳያጨናንቅ በዚያው ቀን በጀልባ ወደ ቆላው ይሸኛል፤ ወረርሽኙም እስኪያልቅ መመለስ የለም። ጥሩንባው ሦስት ጊዜ ሲነፋ ጀልባው ይነሳል።

«አለች!» ብላ ጮኸች እትዬ አመዴ። «ዘበኛ! የኮርቻ ሰፊው ልጅ አለች! ስህተት ነው!»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ዘበኛው ግን እጁን አወናጨፈ። «እትዬ፣ ጩኸት አልቀበልም! ያለፈው ወር አጣቢሽ አለ አለ ብላ ስትጮህ እናትየው የሞተ ልጇን ዘጠኝ ቀን ጠበቀች። አንሶላ አሳዪኝ! የታጠበ! ያልታጠበው የሬሳም ይሆናል!»

የመጀመሪያው ጥሩንባ ተነፋ።

አፈ ማሩ ከክምሩ ላይ ዘለለ። ሮጠ፤ ዱላውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተና ፈለገ፤ ዱላው ጨርቅ እንጂ ቀይ ቆዳ አላወጣም። ራሱ ነው ያሰጠመው፤ ጥሩ አድርጎ። ዱላውን ጣለና ገባበት። እስከ ጉልበቱ ሰጠመ። ከእግሩ ሥር የሆነ ነገር ፈረጠ። በሁለት እጁ እየቆፈረ፣ እየጮኸ፣ ጩኸቱ ግን ሳይሰማ፣ የሰው ቁስል የታሰረበትን ጨርቅ ሁሉ እየዳሰሰ፣ በመጨረሻ ያ ደረቅ ነገር እጁ ገባ። አቅፎት ወጣ።

«በዱላ ከሆነ ሁለት ሰዓት ይፈጃል» አለች እትዬ አመዴ። የአመድ ውሃውን ከበርሜሉ ወደ ገንዳው ገለበጠችው። «በጥፍር ነው የሚለቀው። ያቃጥላል።» ከዚያ አብራው ተንበረከከች።

እጁን ነከረ። መጀመሪያ ሙቀቱ፣ ከዚያ የአመዱ ንክሻ መጣ፤ እሾህ በጥፍሩና በሥጋው መካከል የገባ መሰለው። ቅርፊቱን ፋቀ። ቅርፊቱ ሲርስ ተላቁጦ ጣቱ ላይ ተጣበቀ፤ ያ ስስ ቆዳ ደግሞ አውራ ጣቱ ላይ ተጠመጠመ፤ አራገፈው፤ ተመልሶ ተጣበቀ። ሽታው በእንፋሎቱ ታጅቦ አፉ ውስጥ ገባ። ተፋ፤ ፋቀ፤ ተፋ፤ ፋቀ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ስላጠበበት መታጠቢያ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሰበከበት ቀን ትዝ አለው። ሕዝቡ አልቅሶ ነበር። እሱም አልቅሶ ነበር፤ ከሰገነቱ ሲወርድ ግን አንዲት ቁስለኛ ሴት የልብሱን ጫፍ ልትስም ስትል ልብሱን ሰብስቦ አልፏታል። አሁን ልብሱን መሰብሰቡን ባስታወሰ ቁጥር የሚያቅለሸልሸው መግሉ አልነበረም።

ቅርፊቱ እየለቀቀ ሲሄድ ከሥሩ እድፉ ታየ። እድፉ ቅርጽ ነበረው። እዚህ ትከሻ ነው፤ እዚህ አከርካሪ፤ እዚህ ደግሞ በሕመም የተጠቀለለ ጎን። ሰው ነው። ሌሊቱን ሙሉ እዚህ ላይ ሰው ተኝቶ ነበር፤ ጠዋት ደግሞ አባቷ መኖራቸውን ጠይቃው ነበር። እየቃዠች አልነበረም። ጥያቄ ነበር የጠየቀችው፤ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ሊመልሰው ይችል የነበረ ጥያቄ።

ሁለተኛው ጥሩንባ ተነፋ።

ጸሎት መጣበት። እንደ ድሮው በሐረግና በዜማ አልነበረም። «ጌታዬ፣ አድርሰኝ» የምትል ብቻ ነበረች፤ እሷም ድምፅ አልነበራትም። ከጥፍሩ ሥር ደም መጣ። የቀይ ቆዳው ቀለም ለቀቀና ውሃው ቀላ፤ የቱ ደሙ፣ የቱ ቀለሙ እንደሆነ አልለየም። እትዬ አመዴ ንጹሑን ውሃ ደፋችበት፤ ጨመቁት፤ ደገመችው፤ ጨመቁት። ኮምጣጤው በተላጠው እጁ ውስጥ ሲገባ በገንዳው ላይ ተደፋ። ክንዷን በብብቱ አስገብታ አቆመችው።

ክምሩን ሲወጣ እንጨቱ ከእግሩ ሥር ተንሸራተተ፤ ወደቀ፤ ተነሣ። ገመዱ ላይ ለማሰር ጊዜ አልነበረም። በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ዘረጋው። ነፋሱ ከወንዙ መጣና እርጥቡን አንሶላ ፊቱ ላይ ለጠፈበት፤ አፉና አፍንጫው ላይ። አላነሳውም፤ እጁን ካወረደ አይታይም።

ሦስተኛው ጥሩንባ ሲነፋ ምንም አላየም። የሰማው ብቻ ነው። በመጀመሪያ የዘበኛው ድምፅ፦ «አቁሙ! ጀልባውን አቁሙ!» ቀጥሎ ያረጀ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ፣ ከወንዙ ዳር ወደ ችካሎቹ እየቀረበ፣ እያለከለከ፦

«ስፌቱ የእኔ ነው! ባለ ድርብ ስፌት ነው፣ የእኔ ነው! ልጄ! ልጄ አለች!»

አፈ ማሩ አንሶላውን ከፊቱ ሲያነሳ ሽማግሌው ችካሎቹ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ያቺ የደከመች ሴት በርጩማዋን ይዛላቸው መጣች። ተቀመጡባት። ከዚያ ዕንባቸው እየወረደ፣ እንደ ዘወትራቸው፣ እግራቸውን አጣመሩ።

ክምሩ ሥር እትዬ አመዴ የተበተነውን እንጨት እየለቀመች ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርዎ፣ አባቴ» አለች፤ ወደ «እርስዎ» ተመልሳለች። «ያ ድምፅዎ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ምን ያደርጉ ነበር? ክምሩ ላይ ወጥተው ሽማግሌውን ያጽናኗቸው ነበር። በሚያምር ቃል። ልጃቸው እዚህ ውስጥ በሕይወት እያለች ያጽናኗቸው ነበር።»

ፊቱ ጋለ። እውነት ነው። ያደርገው ነበር። ያንን ያየ ሁሉ ያለቅስ ነበር፤ ጀልባውም ይሄድ ነበር።

«የእኔን ልጅ የቀበሩት እርስዎ ነዎት። አያስታውሱኝም። ሳሙና ነው አሉኝ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ያ ነው።» አንድ ፍልጥ ወረወረች። «እግዚአብሔር ልጄን ሊያጥበኝ ብሎ ወሰደው ቢሉኝ ዛሬም አልቀበልዎትም። ስለ ልጄ እሱና እኔ ገና እንነጋገራለን። ግን እዚህ ገብቼ እጄ ከተላጠ ወዲህ፣ የሰው ቁስል አያስጠላኝም። ዱሮ ያስጠላኝ ነበር፤ የገዛ ልጄንም ቁስል። ይህችን ማን እንደሰጠኝ አውቃለሁ። በፍቅር እንደሰጠኝም አውቃለሁ። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ከዚህ በላይ የተናገረ ሰው አይቻለሁ።»

አፈ ማሩ እጆቹን አየ። አብጠዋል፤ ቀልተዋል፤ የእሷን ክንድ መምሰል ጀምረዋል። ሊያማርር ፈልጎ ነበር፤ በምትኩ ራሱን ዝቅ አድርጎ በፊቷ ሰገደ። እሷ ግን ፊቷን አዞረች። «ይብቃዎት። የእንጨቱን ግማሽ ያንሱ።»

እንጨቱን አነሳ። ከዚያ ንጹሕ አንሶላ ወስዶ ወደ ህሙማኑ ክፍል ሄደ። እርምጃውን አልቆጠረም። ሽታው ያው ሽታ ነው፤ ከበሩ ላይ እንደ ዱላ መታው፤ ዓይኑን አስለቀሰው። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ዘንድ ደረሰ። ልጅቷ በባዶ ፍራሽ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ዓይኗ ወደ እሱ ዞረ።

«አባ» አለች፣ ይመልስልኛል ሳትል። «አባዬ ዛሬም ተቀምጧል?»

አፈ ማሩ አፉን ከፈተ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ዘጋው። ከዚያ ወለሉን አየ። መግል የተንጠባጠበበት፣ ኮምጣጤ የረጋበት፣ ዝንብ የሰፈረበት ወለል ነው። ጎንበስ አለና እዚያው ተቀመጠ። ጀርባውን አቀና። ዓይኑን ወደ ላይ አንስቶ፣ ከግንቡ ላይ የተሰቀለ አንሶላ እንደሚያይ ሰው፣ ወደ መስኮቱ ተመለከተ።

ልጅቷ አየችው። የተሰነጠቀው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«እግሩን አጣምሮ?»

እግሩን አጣመረ።